ከሰሌዳው ይልቅ ሙጫው

አካባቢን የማይጎዳ የህትመት ጥበብ ሲነሳ የሃያሲ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ሰሌዳው ላይ ነው። ሠዓሊው የተጣለ ጣውላ ቀረጸ ወይም ወተት የታሸገበትን ካርቶን ጫረ ከተባለ ምስጋናው ይከተላል። ህትመት ግን ከሰሌዳ ሌላ አሲድ፣ ቀለም፣ ማሰሪያና ማጠቢያ የሚፈልግ ሥራ ነው፤ አየሩንና ውኃውን የሚበክለውም በአብዛኛው ይኸው በኤግዚቢሽን የማይታየው ክፍል ነው። ስለዚህ ፍርዱ ከሰሌዳው ተነሥቶ ወደሚፈሰው ፈሳሽ መዞር አለበት። ለዚህ ሙግት ከሞያሌ ቁልቁል የተንጣለለው የጎልቦ ቆላ ጥሩ መነሻ ይሆናል። ቆላው በሚገኝበት በማርሳቢትና በቦረና ደረቅ ምድር አርብቶ አደሩ ከግራር የሚለቅመው ሙጫ ለህትመት ጥበብ እንግዳ አይደለምና።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ አሎይስ ዘነፌልደር ሊቶግራፊን፣ ማለትም የድንጋይ ህትመትን፣ ሲፈለስፍ፣ የድንጋዩን ባዶ ቦታ ቅባታማ ቀለም እንዳይነካው የጠበቀለት ይህ ሙጫ ነበር። ሙጫው ውኃ ይይዛል፤ ውኃ የያዘ ገጽ ደግሞ ቅባት አይቀበልም። የብራና ጸሐፊዎቻችንም ጥላሸቱ ከብራናው እንዳይራገፍ ከሙጫ ጋር ያዋሕዱት ነበር። ዘመናዊው የህትመት ትምህርት አዲስ አበባ ሲገባ ግን በሌላ በር ነው የገባው። በጀርመን ተወልዶ በብራዚል የኖረው ካርል ሃይንስ ሃንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ሲያስተምር ያስፋፋው የእንጨት ቅርጽ ህትመትን ነው፤ ዘሪሁን የትምጌታ ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር። እንጨት አሲድ አይፈልግም። ማንም አስቦበት ባይሆንም፣ ይህ መንገድ በአሲድ ከሚቀረጸው የአውሮፓ የብረት ሰሌዳ የጸዳ ነበር። ዛሬ የሠዓሊ ኤፍሬም ሰሎሞንን የእንጨት ቅርጽና የጋዜጣ ሥራዎች የሚያይ መስመሩ አለመቋረጡን ይረዳል። ሆኖም እንጨቱ ከነዳጅ በተገኘ ማሟሟቻ ከታጠበ የጣውላው ንጽሕና ብቻውን ምን ያህል ይፈይዳል?

ያልተለመደ ቁስ ሁሉ የጸዳ አይደለም። የናይጄሪያው ሠዓሊ ብሩስ ኦኖብራክፔያ እ.ኤ.አ. በ1967 በአሲድ የተበላሸ ሰሌዳን በማጣበቂያ ሲጠግን አዲስ የህትመት ስልት ላይ ደረሰ። ግኝቱ የአፍሪካን ህትመት አበልጽጓል፤ የተመረኮዘበት ማጣበቂያ፣ ኢፖክሲ፣ ግን ከፋብሪካ የወጣ ኬሚካል ነው። በተቃራኒው ለህትመት ሰሌዳ የሚቀረጸው ሊኖሊየም የተለመደና ተራ ስለሆነ ማንም አያወድሰውም፤ የተሠራው ግን ከተልባ ዘይት፣ ከቡሽ ብናኝና ከጁት ነው። ፈጠራንና ንጽሕናን አንድ አድርጎ ማወደስ የሂስ ስንፍና ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የህትመት ሠዓሊዎቹ ኪት ሃዋርድና ፍሪድሃርድ ኪከቤን የናይትሪክ አሲድን መርዛማ ጭስ ለማስቀረት የደከሙት የሚያስመሰግናቸው፣ ትኩረታቸው መልክ ላይ ሳይሆን ሠራተኛው በሚተነፍሰው አየር ላይ ስለነበረ ነው።

የግራር ሙጫ ለዚህ መመዘኛ የሚስማማበት አንድ ስልት አለ። በሌዘር የታተመ ተራ ወረቀት ሙጫ ይቀባል። ባዶው ወረቀት ሙጫውንና ውኃውን ይይዛል፤ ጥቁሩ የቶነር መስመር ግን ውኃን ገፍቶ የዘይት ቀለምን ይቀበላል። ቀለሙ ሲዳመጥ የሚይዘው መስመሩን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ሌላ ወረቀት በመጭመቂያ ይተላለፋል። አሲድ የለም፣ የብረት ሰሌዳ የለም። ሙጫው በውኃ፣ የተረፈው ቀለም በምግብ ዘይትና በሳሙና ይታጠባል። የዘነፌልደር ድንጋይ ሥራ በአንድ ገጽ ወረቀት ተተካ ማለት ነው። እርግጥ ቶነሩ ራሱ ፕላስቲክ ነው፤ ስልቱ ፍጹም ነው የሚል ካለ ተሳስቷል።

እንዲህ ያለው ወረቀት ከጥቂት ህትመት በላይ አይቆይም፣ ህትመትን ህትመት ያሰኘው ደግሞ መብዛቱ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ብዛት የሚፈልግ ሠዓሊ እንጨትና ሊኖሊየም አለው፤ ሙጫው የሚተካው አሲድና ብረት የሚጠይቀውን ሥራ ነው። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፤ ከዛፍ የመጣ ሁሉ ዛፉን አይጎዳም ያለው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት፣ በሰሜን ኢትዮጵያ የሚታወቀው የዕጣን ዛፍ ችግኙ ስለማያድግ የዕጣን ምርት በሃያ ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ እሳት፣ ልቅ ግጦሽና ዛፉን ያለ ገደብ ማድማት ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። በቦረናና በአጎራባቹ ቆላ ግን ሙጫና ዕጣን በአብዛኛው የሚለቀመው ዛፉ በራሱ ካፈሰሰው ነው። ልዩነቱ የአሰባሰቡ እንጂ የቁሱ አይደለም፤ ሙጫው የሚመሰገነውም እንደዚያ እስከተለቀመ ድረስ ብቻ ነው። የሠዓሊዎች ፍላጎት የለቃሚውን ኑሮ ይቀይራል ብሎ ማሰብም የዋህነት ነው፤ የዓለም የግራር ሙጫ አብዛኛው የሚሄደው ወደ ለስላሳ መጠጥና ወደ ጣፋጭ ፋብሪካ ነው።

ስለዚህ ጋለሪዎችና የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ከሥራው ሥር «የእንጨት ቅርጽ በወረቀት ላይ» ብለው አይቁሙ። ቀለሙ በምን እንደተያዘ፣ ሰሌዳው በምን እንደታጠበ፣ ሙጫ ካለም እንዴት እንደተለቀመ አብረው ይጻፉ፤ ሃያሲውም ይህ ሳይጻፍ «አካባቢን የማይጎዳ» የሚለውን ቃል ከመጠቀም ይታቀብ።