ዋጋ በኢንቦክስ

“መቶ ሺህ ተከታይ አለው” ተብሎ ብቻ አንድ የንግድ ገጽ ሲሞገስ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ተከታይ ይገዛል። የቴሌግራም ግሩፕ ለመሙላት “ሃምሳ ሰው አድ ላደረገ የሞባይል ካርድ እንሸልማለን” ማለት ይበቃል፤ ካርዱ ሲያልቅ ሰዉ መስማቱን ያቆማል፣ ቁጥሩ ግን ከላይ ተገትሮ ይቀራል። ይህንን እያዩ “መሥራት እንዲህ ነው!” የሚሉ ባለሱቆች ሞልተዋል። አዲስ የቀጠሩትን ወጣት ጠርተው “ልክ እንደዚያ አድርግልኝ” ይሉታል። ያደርግላቸዋል። ገዢ ሳይመጣ ስድስት ወር ያልፍና “ሶሻል ሚዲያ እኛ አገር አይሠራም” ይባላል። ይሠራል። የማይሠራው የኮረጁት ነገር ነው።

ፎቶው ጥርት ይበል፣ ስልክና አድራሻ ይጻፍ፣ ለጠየቀ ሰው ቶሎ መልስ ይሰጥ፤ እነዚህን ለማስረዳት ቀለም አላባክንም። ይህን የማያውቅ ሰው ገጽ ከመክፈቱ በፊት ሱቅ ውስጥ ቆሞ መሸጥ ይማር።

ቁጥርን ማጣራትም ከባድ አይደለም። በቴሌግራም ቻናል ላይ ከእያንዳንዱ ፖስት ሥር ትንሽ የዓይን ምልክትና ቁጥር አለ፤ ስንት ጊዜ እንደታየ ይናገራል። መቶ ሺህ ተከታይ ኖሮት ፖስቱ ስምንት መቶ ጊዜ ብቻ የታየ ቻናል አንባቢ የለውም። ቀጥሎ ወደ ላይ፣ እስከ መጀመሪያዎቹ ፖስቶች ድረስ ውጡ። ዛሬ ጫማ የሚሸጠው ቻናል ያኔ የእንግሊዝ ኳስ ዜና ወይም የፍቅር ጥቅስ ሲያሰራጭ ከነበረ፣ ሰዎቹ የመጡት ጫማ ፈልገው አይደለም። ፌስቡክ ላይ ደግሞ ስለ ገጹ ግልጽነት የሚናገረውን ክፍል ብትከፍቱ ገጹ መቼ እንደተፈጠረና ስሙ ተቀይሮ እንደሆነ ታገኛላችሁ። ይህን ሁሉ ለማየት ቡና እስኪፈላ እንኳ አይፈጅም፤ ሆኖም ገንዘብ ከፍለው ማስታወቂያ የሚያስነግሩ ሰዎች አያዩትም።

ሊንክድኢን ላይ ሰው ስትመዝኑ ማዕረጉን ተዉትና በሌሎች ሰዎች ጽሑፍ ሥር የጻፈውን አንብቡ። ለሁሉም “እንኳን ደስ አለህ” ብሎ የሚያልፍ፣ ግንኙነቱን በተቀበላችሁበት ደቂቃ የድርጅቱን ፕሮፋይል በፒዲኤፍ የሚልክ ሰው ወዳጅ እየፈለገ አይደለም። አንድ የሒሳብ ባለሙያ በማያውቀው ሰው የግብር ጥያቄ ሥር ቁም ነገር ያለው መልስ ጽፎ፣ ስልኩን ሳይለጥፍ ከሄደ ግን ያ ሰው ሥራ ያውቃል። ጠያቂው ብቻ ሳይሆን ዝም ብለው የሚያነቡትም ስሙን ይይዙለታል። ስለ ግሩፖችም አንድ ነገር ብቻ ልበል። የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ግሩፕ ውስጥ፣ መርዶ በተነገረበት ሥር የሶፋ ማስታወቂያ ከሚጥል ነጋዴ፣ ሶፋው ምንም ያህል ቢያምር፣ አይገዛም። ይህ ለእኔ ሕግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ “ለዋጋ ኢንቦክስ”።

በሁሉም መልኳ አውቃታለሁ። “ዋጋ በውስጥ መስመር”፣ “ለዋጋ ያናግሩን”፣ “ለበለጠ መረጃ ይደውሉ”፣ “ዋጋው ተመጣጣኝ”። የመጨረሻዋ ከሁሉ ትከፋለች፤ መልስ የሰጠች ትመስላለችና። አንድ ቀሚስ ይለጠፋል፤ ከሥሩ አርባ ሰው “ስንት ነው?” ብሎ ይጠይቃል፤ ለአርባውም “ኢንቦክስ ቼክ” ይባላል። ባለሱቁ ይህን አይቶ “አርባ ጠያቂ! እንዴት ያለ ገበያ ነው!” ይላል። እኔ የሚታየኝ አርባ ጊዜ የተደበቀ አንድ ቁጥር ነው። ገጹ ያምራል፣ ሎጎው ያምራል፣ ቪዲዮው በሙዚቃ ታጅቧል፤ ገዢው ግን ማወቅ የሚፈልጋት አንዲት ነገር የለችም። እንዲህ ያለውን ገጽ “ፕሮፌሽናል” ብሎ የሚያደንቅ ሰው አደራረጉን እንጂ ሥራውን አላየም።

የሚሰጡትን ምክንያት ሁሉ ሰምቻለሁ። “ተፎካካሪ ዋጋዬን ያይብኛል” ይላሉ። ተፎካካሪው በእህቱ ስልክ ኢንቦክስ ገብቶ ዋጋውን ካወቀ ቆይቷል፤ የማያውቀው ገዢው ብቻ ነው። “ዋጋ በየቀኑ ይለዋወጣል” ይላሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የመጣ ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ይህ የምር ሥጋት መሆኑን አምናለሁ። መፍትሔው ግን ቀን መጻፍ ነው። “ይህ ዋጋ እስከ ቅዳሜ ይቆያል” ብሎ መጻፍ ምን ያቅታል? ቴሌግራምም ፌስቡክም የተለጠፈን ጽሑፍ ማረም ይፈቅዳሉ። ወጣቶቹ ደግሞ “ኮሜንት ሲበዛ ፌስቡክ ለብዙ ሰው ያሳየዋል” ይሉኛል። ያሳየው። ዋጋ ሳያይ የሄደ ሰው ቢበዛ ለባለሱቁ ምን ይጠቅመዋል?

እውነተኛው ምክንያት ጠያቂውን እያዩ ዋጋ መቁረጥ ነው። ዋትሳፕ ላይ ቁጥሩ በ+1 ወይም በ+971 የሚጀምር ሰው የሐበሻ ቀሚስ ሲጠይቅ ዋጋው ምን እንደሚሆን ሽሮ ሜዳ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ዋሽንግተን ላለችው እህትና ጉለሌ ላለችው እህቷ ለአንድ ቀሚስ ሁለት ዋጋ ይነገራቸዋል። ማታ ሲደዋወሉ ነገሩ ይወጣል። ሱቁ ያን ቀን ያጣው አንድ ቀሚስ አይደለም፤ የሚቀጥለውን ሰርግ፣ ከሙሽራዋ እስከ ሚዜዎቹ፣ ከነእናትና አክስቶቹ ነው።

“መከራከር ባህላችን ነው” የሚለኝም አለ። ነው እንጂ። መርካቶ ዋጋ የሚከራከር ሰው ግን ዕቃውን በእጁ ዳስሶ፣ ሦስት አራት ሱቅ ዞሮ፣ የሻጩን ፊት እያየ ነው። ስልክ ላይ መዳሰስም፣ መዞርም፣ ፊት ማየትም የለም። ለገዢው የቀረለት ነገር የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነበር፤ እሱንም ነፈጉት። ሕጉም በዚህ በኩል ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በንግድ ቦታው በሚታይ ስፍራ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲጽፍ ያዛል። ዛሬ የብዙ ሰው ሱቅ ስልኩ ውስጥ ነው፤ በር ላይ ያለ ግዴታ እዚያ ሲገባ የሚወልቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ቀብድን አስቡ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ቀብድ መላክ የደቂቃ ጉዳይ ሆኗል። ዋጋው በአደባባይ ተጽፎ ከሆነ ቀብዱ ከምን ላይ እንደሚቀነስ ሁሉም ያውቃል። ኢንቦክስ ውስጥ የተባለ ዋጋ ግን ምስክር የለውም፤ በቴሌግራም የግል ውይይት አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። “ሰባት ሺህ ብለሽኝ ነበር”፣ “አላልኩም” የሚለው ጭቅጭቅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቀናው ሻጭ እንኳ በዚህ ይጎዳል፤ እውነቱን የሚያሳይበት ነገር አይኖረውምና።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ፎርዋርድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ የሚሸጠው ሰው ለሰው ሲያስተላልፈው ነው። አንዷ ያየችውን የአልጋ ልብስ ለእህቷ ትልካለች፤ እህቷ ለጎረቤቷ፤ ጎረቤቷ ለማኅበሯ ግሩፕ። ቴሌግራም ላይ የተላለፈ ፖስት የቻናሉን ስም ከላይ ይዞ ይሄዳል፤ በየደረሰበት የታየውም በመጀመሪያው ፖስት ቁጥር ላይ ይደመራል። ዋጋ፣ ልክ፣ ቀንና አድራሻ ያለው ፖስት አራተኛዋ ሴት ዘንድ ሲደርስ ምንም አይጎድለውም፤ እዚያው ልትወስን ትችላለች። ዋጋ የሌለው ግን ገና ሁለተኛዋ ዘንድ ሲደርስ “ስንት ነው አሉሽ?” የሚል ጥያቄ ይሆናል። የላከችው አታውቅም። ትጠይቅላት ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገ እጠይቅልሻለሁ ብላ ትረሳዋለች። ደግሞም ለዘመድ ዕቃ የሚልክ ሰው ስሙን አስይዞ ነው የሚልከው፤ ዋጋውን ሳያውቅ “ግዢው” ለማለት አይደፍርም። ነጋዴው በገንዘብ ሊገዛው የማይችለውን ምስክርነት፣ በነፃ ሊያገኘው ሲችል፣ በአንዲት ሐረግ ይዘጋዋል።

በትዕዛዝ የሚሠራ ሥራ ከዚህ ነፃ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። ሶፋ የሚሠራ ሰው ባለፈው ሳምንት ያስረከበውን ሶፋ ያንሳ፤ እንጨቱን፣ ስፖንጁን፣ ልኩን፣ የወሰደውን ጊዜና የተከፈለበትን ዋጋ ይጻፍ። ገዢው ከዚያ ተነሥቶ የራሱን ይገምታል። “ከዚህ ብር ጀምሮ” ማለት ግን አይበቃም፤ ከመነሻው ዋጋ በስተጀርባ የቆመ የተሠራ ዕቃ መታየት አለበት። በአደባባይ የተጠየቀ በአደባባይ ይመለስ፤ ዋጋ ሲጻፍ ቀን ይጻፍ፤ የተሸጠ ዕቃ ከነዋጋው ይቆይ። እነዚህን ሦስቱን ያላሟላ ገጽ ለማስተማሪያነት እንኳ አላሳይም።

የተሸጠን ዕቃ ከነዋጋው ማቆየት ያየሁት ፒያሳ ያገለገሉ መጻሕፍት ይሸጡ ከነበሩ አንድ ሰው ነው፤ ሁላችንም ጋሼ ብቻ ነበር የምንላቸው። ቻናሉን የከፈተላቸው የእህታቸው ልጅ ነው፤ የሚጽፉት ግን ራሳቸው ነበሩ። “ፍቅር እስከ መቃብር፣ የ1958ቱ እትም። ሽፋኑ ተጠግኗል። የመጀመሪያው ቅጠል ላይ የቀድሞው ባለቤት ፊርማ አለበት። ውኃ የነካው ጥግ አለው፤ ፎቶው ላይ ይታያል። 4,000 ብር።” ሲሸጥ “ተሽጧል” የምትል ቃል ይጨምራሉ እንጂ ፖስቱን አያጠፉም፤ ዋጋውንም አያነሱም። “ለምን ያቆዩታል?” ብላቸው፣ “የገዛው ሰው ነገ ቢመጣ ምን ያህል እንደከፈለ አብሮኝ ይይ ብዬ” ነበር መልሳቸው። ከጊዜ ብዛት ያ ቻናል የአሮጌ መጽሐፍ ዋጋ መዝገብ ሆነ። ሌሎች ሻጮች እንኳ ከሰው ቤት መጽሐፍ ሊገዙ ሲሄዱ እሱን ከፍተው ያዩ ነበር።

ስለ ሙያ ወዳጅነት የማውቀውን አብዛኛውን ያየሁትም እዚያው ነው። የሌላቸውን መጽሐፍ የጠየቀን ሰው፣ እዚያው ኮሜንት ላይ፣ “እገሌ ጋ አለ፣ ዋጋውም ከእኔ ይሻላል” ብለው ይልኩት ነበር። የተላከለት ነጋዴ በሚቀጥለው ሳምንት እሳቸው ጋ ሰው ይልካል። ስለ ኔትወርክ ሥልጠና የሚሰጡት ወጣቶች በሁለት ቀን የማያስረዱትን እሳቸው በአንድ መስመር ይሠሩት ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ሱቃቸው አብሮ ሄደ። አዲሱን ቦታ በአንድ ፖስት ጻፉ፤ ደንበኞቻቸው እየጠየቁ መጡ። ተከታያቸው ሦስት ሺህ አይሞላም ነበር። መቶ ሺህ ተከታይ ያላቸውና ሱቃቸው የፈረሰባቸው ነጋዴዎች በዚያው ሰሞን “ቦታ ቀይረናል፣ ለአድራሻ ኢንቦክስ” ብለው ሲለጥፉ አንብቤአለሁ።

ሽሮ ሜዳ ደግሞ አንዲት ባለሸማ አለች። ቀሚስ ስትለጥፍ የጥለቱን ፊት ብቻ ሳይሆን ገልብጣ ጀርባውንም ታሳያለች፤ ክሩ እንዴት እንደታሰረ የሚያውቅ ሰው ጥሩና መጥፎ ሥራ የሚለየው ከዚያ ነው። ዋጋውን ደግሞ ትከፋፍለዋለች፤ ፈትሉ ይህን ያህል፣ የሸማኔው እጅ ይህን ያህል፣ ስፌቱ ይህን ያህል፣ የእኔ ይህን ያህል። ሌሎቹ ነጋዴዎች “አበደች” አሉ። የሆነው ግን ሸማኔዎቹ እጃቸው ስንት እንደሚያወጣ በአደባባይ የጻፈላቸውን ሰው መርጠው መምጣታቸው ነው። የበዓል ሰሞን ሁሉም ሸማኔ ፍለጋ ሲራወጥ እሷ ጋ ሥራ አይቆምም። ገዢዎቿም ቢሆኑ “ቀንሺ” ሲሉ ከየትኛው እንደሚቀነስ ያውቃሉ፤ ከሸማኔው እጅ ላይ ቀንሺ ብሎ የሚደፍር ግን አይቼ አላውቅም።

ገጽ የሚያሠሩ ሰዎች “ማንን ልቅጠር?” ይሉኛል። የሠራውን ዲዛይን አትዩ፤ ያ በስልክ ተሠርቶ ያልቃል። ከዚህ በፊት በያዘው ገጽ ላይ ለተቆጣ ደንበኛ የጻፈውን መልስ ያሳያችሁ፤ ኮሜንቱን አጥፍቼዋለሁ ካለ ንግግሩ አልቋል። መልሱን ካሳያችሁ ከሱቃችሁ አንድ ዕቃ አንሡና ስጡት፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ፖስት ይጻፍበት። ዋጋውን ሳይጠይቃችሁ መጻፍ ከጀመረ አመስግናችሁ ሸኙት።