የጄሪ ሂሳብ

የኮኤን ወንድማማቾች «ፋርጎ» (1996 እ.ኤ.አ.) ደም ይበዛበታል ይባላል። እኛን የያዘን ሂሳቡ ነው። የሚኒያፖሊሱ መኪና ሻጭ ጄሪ ሚስቱን ያሳግታል፤ ማስለቀቂያው ለአጋቾቹ 80,000 ዶላር፣ ለሚስቱ አባት ሲነገር ግን 1,000,000! ልዩነቱ ለኪሱ ነዋ። እንዲህ ያለው ሴራ ማንም ባይተኩስ እንኳ መፍረሱ አይቀርም ነበር።

አማቱ ብድር ሲከለክለው ጄሪ ወጥቶ በረዶ የጋገረበትን የመኪናውን መስታወት ይፍቃል። በድንገት መፋቂያውን ይወረውራል፤ ይንዘፈዘፋል። ከዚያ ያነሳውና መፋቁን ይቀጥላል። ዊልያም ሜሲ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ውርደትን ያሳየናል። የሚስቅ ይሳቅ፤ እኛስ አሳዘነን።

«እውነተኛ ታሪክ ነው» የሚለው መክፈቻ ግን ምን አመጣው? ታሪኩ ፈጠራ ነው። ደራሲዎቹም እንደ ጄሪ ለእኛ ሌላ ሂሳብ ያዙልን ማለት ነው? ይህን ለሚያህል ፊልም ያስፈለገው አይመስለንም።