ቲሸርቱ የማን ነው?

ነገሩ የሆነው ኮምቦልቻ ነው። የ2011ዱ አዋጅ የቢራን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ከማውረዱ በፊት፣ ቢራ እንደልቡ በሚጮህበት ዘመን። ስሙ የገነነ ዘፋኝ ከነባንዱ መጥቷል ተባለና እኔም ከደሴ ተነስቼ ሐረጎን ቁልቁል ወርጄ ተሰለፍኩ። ትኬቴን ቀደው ሲያስገቡኝ አንድ ወጣት ቲሸርት ወረወረልኝ። ብዘረጋው ደረቱ ላይ የቢራ ስም፣ ጀርባው ላይ የቢራ ስም።

"የዘፋኙ ፎቶ ያለበት የለም እንዴ? እገዛ ነበር" አልኩት።

"ጋሼ፣ በነፃ ሲሰጡዎት ምን አነሰዎት?" ብሎ ሳቀብኝ።

ውስጥ ገብቼ ዞር ዞር ብዬ ባይ ሕዝቡ ሁሉ ቢራ ለብሷል። እኔ የምለው፣ ሰው የሚወደውን ዘፋኝ ሊያይ መጥቶ የነጋዴ ስም ደረቱ ላይ ለጥፎ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ያ "ቱር" የማን ቱር ነው?

እኛ አገር ማናጀር ማለት ስፖንሰር የሚያመጣ ሰው ማለት ነው። ስፖንሰሩ መድረኩን፣ ሳውንድ ሲስተሙን፣ ጄኔሬተሩን፣ ሆቴሉን ይችላል፤ ዘፋኙ ቁርጥ ክፍያውን ይቀበላል፤ ከኋላ ሆነው ከበሮና ቤዝ የሚጫወቱት ልጆች ደግሞ የምሽት አበላቸውን ይዘው ሚኒባሳቸው ውስጥ ይተኛሉ። ስፖንሰሩ የቀረ ቀንስ? በ2006 በደሌ ቢራ ከቴዲ አፍሮ ጋር የገባውን የኮንሰርት ጉዞ ውል በማኅበራዊ ድረ ገጽ ዘመቻ ምክንያት ሲያፈርስ ሁላችንም አይተናል። እንዲያ ዓይነት ስም ያለው ሰው ጉዞ በአንድ ደብዳቤ ከተናጋ ሌላውማ ምን ይሁን!

ሌላው ዓለም ይህን ነገር በጠረጴዛ ነው የፈታው። በእውነት፣ በጠረጴዛ! አዳራሹ በር ላይ አንድ ጠረጴዛ ይቆማል፤ ባንዱ ያሳተመው ሸክላ፣ ፖስተርና ቲሸርት ይደረደርበታል። ማታ ማታ አንድ ሰው ተቀምጦ ትንሹ ቁጥር ስንት ተሸጠ፣ ትልቁ ስንት ቀረ እያለ ይቆጥራል። አንዳንድ አዳራሽ ከሽያጩ ድርሻ ይቆርጣል፤ ማናጀሩ እሱን ለማስቀነስ ይከራከራል። ስም የሌለው ባንድ የነገውን ቤንዚን የሚቀዳው ከዚያች ጠረጴዛ ነው። ሥራው አሰልቺ ነው፣ ክብር የለውም፤ የእኛ ማናጀሮች መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የማይሠሩትም ለዚህ ይመስለኛል።

ድሮ ቢያንስ ካሴት ነበር። እሱንም ዘፋኙ ለሙዚቃ ቤቱ በቁርጥ ዋጋ ሸጦ ይገላገላል እንጂ ትርፉን አያይም ነበር። ካሴቱም ሲዲውም ሲሞት በእጁ የሚሸጥ ነገር ጠፋ። የቅጂ መብት አዋጁ በ1996 ወጣ፣ በ2007 ተሻሻለ፤ ደግ ነው። ግን ሕግ በር ላይ ጠረጴዛ አያቆምም።

ዋልያስ ባንድን ላንሳ። ባንድ የጦር ክፍል ወይም የሆቴል ንብረት በነበረበት ጊዜ እነሱ መሣሪያቸውን በገዛ ገንዘባቸው ገዝተው ሂልተን ይጫወቱ ነበር። በፈረንጅ 1981 አሜሪካ ሄዱ፤ ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ጥቂቶቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ዓመታት አለፉ። በፈረንጅ 2013፣ በ1985 ያሳተመው ካሴት አሜሪካ ውስጥ እንደገና ታተመና ሰውዬው በስተርጅናው ወደ መድረክ ተመለሰ፤ አውሮፓን ዞረ። አንድ በስሙ የሚሸጥ ዕቃ እንዲህ ያደርጋል።

ወደ ወሎ ልመለስ፤ የሚያበሳጨኝ ያለው እዚህ ነውና። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የዚህ አገር ስም ነው። ላሊበላ ኪነት ደሴ ላይ ነበር፤ ማሪቱ ለገሰ፣ ዘሪቱ ጌታቸው የወጡት ከዚያ ነው። አንድ ጊዜ ውጭ አገር ላለ ወዳጄ የማሪቱ ምስል ያለበት ነገር ልላክ ብዬ ፒያሳን ከላይ እስከ ታች ዞርኩ። ፖስተር የለም፣ ፖስት ካርድ የለም፣ ስኒ እንኳ የለም። የቦብ ማርሌይ ግን ሞልቷል።

ጨርቅ ቸግሮን ነው እንዳይባል ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እዚያው አለ። ኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ተመርቆ ለውጭ ገበያ ልብስ ሲሰፋ ነበር። በ2014 ጦርነት ሁለቱ ከተሞች ምን እንደደረሰባቸው፣ ፋብሪካው ሁሉ እንዴት እንደተዘረፈ አልረሳሁም፤ ግን ከዚያም በፊት ቢሆን አንድ ማናጀር በሩን አንኳኩቶ "ሦስት መቶ ቲሸርት ስፉልኝ" ሲል አልሰማሁም።

እኛስ? እኛም በነፃ ለምደናል። ሁለት መቶ ብር ቢባል "ለጨርቅ?" እንላለን። ያው ዘፋኝ ሲታመም ግን ኮሚቴ ይቋቋማል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይለጠፋል፣ አምስት መቶ ብር አስገብተን ደረሰኙን ለወዳጅ እናሳያለን። ሰውዬው ጤነኛ ሳለ በክብር ሊሸጥልን የሚችለውን አልገዛን፤ ሲወድቅ እንመጸውታለን።

የዚያን ምሽት ስወጣ በሩ ማዶ አንድ የደሴ ልጅ መሬት ላይ ላስቲክ አንጥፎ አገኘሁት። ነጭ ቲሸርት ገዝቶ፣ የዘፋኙን ፊት በሰፈሩ ማተሚያ ቤት አስለጥፎ ይሸጣል። ፊቱ ትንሽ ጠምሟል፤ ቢሆንም እሱ ነው። ሃያ ነበር ይዞ የመጣው፣ የቀሩት አራት ናቸው። ገዛሁ። ከዚያ ሽያጭ ለዘፋኙ አንድ ሳንቲም እንደማይደርሰው አውቃለሁ፤ ግን ከመጣው ሁሉ ሕዝቡ ምን እንደሚፈልግ የገባው ይህ ልጅ ብቻ ነበር። ስልኩን ተቀብዬ በማግስቱ ቁርስ ላይ ለማናጀሩ ሰጠሁት፤ "ከዚህ ልጅ ጋር ተነጋገሩ፣ አብራችሁ ሥሩ" አልኩት። "እንደውልለታለን" አለኝ፣ ወረቀቱን ሳያየው ኪሱ እየከተተ።

በሌላ ጊዜ ልጁን ፒያሳ አገኘሁትና ደውለውልህ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

"ኧረ የት ደውለው!" አለ። "አብሽር ጋሼ፣ አሁን የአርሴናልና የማንቼ ማሊያ ነው የምሸጠው።"