የተሸጠው ልጅ፣ የተሣለው ራስ

በደብሊን ከተማ፣ በቸስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት አንድ የሕንድ ሥዕል አለ። አቡል ሐሰን የተባለ የቤተ መንግሥት ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1616 ገደማ የሣለው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። የሞጉሉ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር በሉል ላይ ቆሟል፤ ሉሉን በሬ፣ በሬውን ደግሞ ዓሣ ተሸክሞታል። ንጉሡ ቀስቱን ወጥሮ ያነጣጥራል። ዒላማው በጦር ጫፍ የተሰካ የጥቁር ሰው ራስ ነው። ጉጉት ተቀምጣበታለች፤ ሌላ የሞተች ጉጉት ደግሞ ከሥሩ ተንጠልጥላለች። ራሱ የማሊክ አምባር፣ የሀበሻው ነው።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? ነገሩ ጨርሶ አልሆነም። አምባር ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል ኖሮ፣ ወደ ሰማንያ ሲጠጋ በ1626 ሞተ፤ ራሱም ከአንገቱ አልተለየም። ጃሃንጊር በጦር ሜዳ ያላገኘውን በወረቀት ላይ ገደለው!

ሰውየው በ1548 ገደማ ከኢትዮጵያ ምድር ተወልዶ በልጅነቱ ተሸጠ። የመጀመሪያ ስሙ ቻፑ ነበር ይባላል። አምባር ከሽቶው ከዐንበር የመጣ ስም ነው፤ የባሪያ ጌቶች ያቁት፣ ካፉር፣ ዐንበር እያሉ በዕንቁና በሽቶ ስም መጥራት ይወዱ ነበር። መቼም ለሸቀጥ የሸቀጥ ስም መስጠት አይከብድም። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ ባግዳድ ደርሶ፣ በመጨረሻ በደቡብ ሕንድ የአሕመድናጋር ሹም የነበረው ቺንጊዝ ኻን ገዛው። ገዢውም ራሱ ቀድሞ የተሸጠ ሀበሻ ነበር። አምባር ነጻ ከወጣ በኋላ ጦር አደራጅቶ፣ ከ1600 ጀምሮ ንጉሥ አንግሦ ግዛቱን በእንደራሴነት መራ። ኋላ አውራንጋባድ የተባለችውን ከተማ ቆርቁሮ ውኃ በቦይ አስገባላት።

ሐሺም የሚባል ሠዓሊ የሣለው ሌላ ምስሉ ለንደን፣ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። አምባር ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ሰይፉን ይዞ በሙሉ ቁመናው ቆሟል። እኔ ይህን አስበልጣለሁ። የሁለቱም ሥዕሎች ፊት በጎን የተሣለ ነው። በኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ወይም ሰይጣን ነው፤ የሞጉል ሠዓሊ ግን ለንጉሡም ለጠላቱም እኩል አንድ አንድ ዓይን ያድላል።

ከአውሮፓው ጋር አስተያዩት። ዌጅውድ በ1787 ያሠራው ሜዳሊያ ላይ ያለው ባሪያ በሰንሰለት ታስሮ፣ ተንበርክኮ ይለምናል። በ1788 የታተመው የብሩክስ መርከብ ንድፍ ደግሞ ሰዎቹን እንደ ማገዶ ደርድሯቸዋል። ዓላማቸው መልካም ነበር፤ ለባሪያ ንግድ መቅረትም ብዙ ረድተዋል። ነገር ግን ስም ያለው ሰው የለባቸውም። የሚታዘንለት እንጂ የሚፈራ ባሪያ አላሳዩንም። ጃሃንጊር የፈራውን ሰው በስሙ አሣለው፤ ጥላቻው ሳያስበው ክብር ሆነ።

ዛሬ አምባርን ስናነሣ «የኛ ሰው!» እንላለን። ደስ ይላል። ታዲያ የሸጠው ማን ነበር? የዐድዋን ጦርነት ሠዓሊዎቻችን ስንት ጊዜ ሣሉት፤ ጣሊያኑን ባንድ ዓይን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ። ወደ ባሕር የሚነዳውን የባሪያ ሲራራ ግን በሸራ ላይ እኔ አላየሁም። ነጋዴው አገር በቀል፣ ፈንጋዩ አገር በቀል፣ አሳዳሪው አገር በቀል ስለሆነ በጎን የሚሣለው ፊት የራሳችን ሊሆን ነው። ሩቅ ዘመን ነው ማለትም አያዋጣም፤ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፤ ከአያቶቻችን ብዙዎቹ በሕይወት ነበሩ። ቃሉን እስከ ዛሬ ለስድብ እንጠቀምበታለን፤ ሙሽራ ስንመርጥም «አጥንቱ ይጣራ» እንላለን። አምባር ነፍስ ዘርቶ ልጃችንን ሊያገባ ሽማግሌ ቢልክ፣ ምን ብለን እንመልሳቸው ይሆን?