«መበላሸት»፣ «መፍረስ» እና «መድከም»፦ ስለ ፔሮቭስካይት የፀሐይ ሕዋስ ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

ለአንድ ባዕድ ቃል አቻ ስንፈልግ ዘወትር የምንጠይቀው «ይህ በአማርኛ ምን ይባላል?» ብለን ነው። ከዚህ የሚቀድመውን «ነገሩ ምን ይሆናል?» የሚለውን ጥያቄ ግን እንዘለዋለን። የዚህ ግድፈት ውጤት ጎልቶ ከሚታይባቸው መስኮች አንዱ ፔሮቭስካይት የሚባለው የፀሐይ ሕዋስ ነው። የሕዋሱ ዋና ችግር በአገልግሎት ላይ ሳለ ኃይሉ መቀነሱ ነው። ይህ በአማርኛ ሲጻፍ ወደ ብዕር ቀድመው የሚመጡት «መበላሸት»፣ «ዝቅጠት» እና «መረጋጋት» ናቸው። ሦስቱም ለዚህ ቦታ እንደማይስማሙ ለማሳየት እንሞክራለን።

አስቀድመን ስለ ስሙ። ፔሮቭስካይት እ.ኤ.አ. በ1839 ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ጉስታቭ ሮዘ ከኡራል ተራሮች ለተገኘ ማዕድን፣ ለሩሲያዊው ሌቭ ፔሮቭስኪ መታሰቢያ እንዲሆን የሰጠው ስም ነው። ዛሬ ያንኑ የአቶሞች አደራደር የያዙ ቁሶች ሁሉ በዚሁ ይጠራሉ። የሰው ስም አይተረጎምምና እንዳለ መወሰዱን አንነቅፍም። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ስለዚህ ሕዋስ እንዲነግረን ልንጠብቅ አንችልም፤ ጃፓናዊው ጹቶሙ ሚያሳካና ባልደረቦቹ ሕዋሱን ያስተዋወቁት ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ነውና። ያ ሕዋስ ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው ካገኘው ብርሃን 3.8 በመቶውን ብቻ ነበር፤ ዛሬ በቤተ ሙከራ ከ26 በመቶ በላይ ተደርሷል። የሚቀረው ዋና ጥያቄ እንግዲህ የዕድሜ ጥያቄ ነው።

ሕዝቡ ስለ ዕቃ ዕድሜ እንዴት እንደሚናገር ለማድመጥ እስከ ኮልፌ ቀራኒዮ መሄድ ይበቃል። በአየር ጤናና በዓለም ባንክ አካባቢ ባሉ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች «ሶላር» ማለት ሰሌዳውም፣ መብራቱም፣ ባትሪ መሙያውም ነው፤ በዚህ ረገድ የገበያው ቋንቋ ልቅ ነው። ስለ ጉዳት ሲናገር ግን ከተርጓሚው ይልቅ ጠንቃቃ ነው። በአጠና ተራ እንጨት የሚገዛ ሰው የነቀዘውን ከበሰበሰው ለይቶ ይጠራል፤ አንዱን ነፍሳት፣ ሌላውን እርጥበት እንደጎዳው በቃሉ ብቻ ያስታውቃል። እንጀራ ይሻግታል፣ ብረት ይዝጋል፣ ልብስ ይነትባል፣ ቀለም ይደበዝዛል፣ ባትሪ ይደክማል። አማርኛ ጉዳትን የሚሰይመው በተጎጂው ነገር ጠባይ ነው። አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ለመሬት ሲሆን «መራቆት»፣ ለሥነ ምግባር ሲሆን «ዝቅጠት» ተብሎ የተመለሰው በዚሁ ሕግ ነው። «ዘቀጠ» አተላው ወደ ታች ወረደ ማለት ስለሆነ ለሕዋሱ አይስማማም።

በሕዋሱ ላይ የሚደርሰው ነገርም አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው የቁሱ መለወጥ ነው። ከሜቲል አሞኒየም፣ ከእርሳስና ከአዮዲን የተሠራው ዓይነት እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ጥቁር የነበረው ስስ ንጣፍ ቢጫ ይሆናል፤ ቢጫው የሚቀረው የእርሳስ አዮዳይድ ነው። ይህ ግንብ ፈርሶ ድንጋዩ እንደሚቀር ያለ ነውና «መፍረስ» ይባል። ሁለተኛው በብርሃን ሥር ሲሠራ የሚታየው የኃይል መቀነስ ነው። በቁሱ ውስጥ ያሉት አዮኖች ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ሕዋሱ ሌሊት በጨለማ ሲያርፍ ግን ካጣው ኃይል ከፊሉ ሊመለስለት ይችላል። የተበላሸ ነገር ካልጠገኑት አይመለስም፤ የደከመ ግን አርፎ ይበረታል። ለዚህም «የኃይል መድከም» ከማለት የተሻለ አላገኘንም። ብረት ጭነት ተደጋግሞበት ሲሰነጠቅም «ድካም» ሊባል ይችላል የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ መልሳችን «የኃይል» የሚለው ገላጭ አይቅር ነው። ድካም ሁሉ በዕረፍት ስለማይወገድም «የሚመለስ» እና «የማይመለስ» ብሎ መለየት ይቻላል።

«መረጋጋት» ከሁከት በኋላ የሚመጣ ጸጥታ ነው፤ ገበያ ይረጋጋል፣ አገር ይረጋጋል። የፀሐይ ሰሌዳ ግን የሚመዘነው በመከራው ውስጥ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ከሚደረጉት ፈተናዎች አንዱ ሰሌዳውን በ85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና በ85 በመቶ የአየር እርጥበት ለ1,000 ሰዓት ማቆየት ነው። ይህን ችሎ የወጣ ሰሌዳ ጸና እንጂ ተረጋጋ አይባልም። ስለዚህ «ጽናት»ን እንመርጣለን። በሙቀት የጸና በእርጥበት ላይጸና ስለሚችልም፣ ጽናቱ በምን እንደሆነ አብሮ ይጻፍ።

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የሲሊከን ሰሌዳ አምራቾች የ25 ዓመት የኃይል ዋስትና ሲሰጡ፣ በዘመኑ ማብቂያ ሰሌዳው ከመነሻ ኃይሉ ብዙውን ጊዜ 80 በመቶ ያህሉን ይሰጣል ማለታቸው ነው። ይህ «25 ዓመት አይበላሽም» ተብሎ ቢተረጎም ገዢው ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ተገቢውን መቀነስ እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል፤ ከተፈቀደው በላይ ሲቀንስበት ደግሞ የሚከራከርበት ቃል ያጣል፤ መብራቱ እስከበራ ድረስ «አልተበላሸም» ይባላልና። ከሲሊከን ጋር ተደርቦ የተሠራው የፔሮቭስካይት ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ2024 ለንግድ መላክ ስለጀመረ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። በፔሮቭስካይት ላይ ደግሞ የእርሳሱ ጉዳይ ይታከላል። ሕዋሱ ቢደክም ባለቤቱ የሚያጣው ኃይል ነው፤ ቢፈርስና መሸፈኛው ቢሰበር ግን እርሳሱ በክረምት ዝናብ ታጥቦ ሊወርድ ይችላል። ከጣሪያው የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅም የኮልፌ ቤተሰብ ሁለቱን የሚለይለት ቃል ይገባዋል።

ስለዚህ ለቁሱ «መፍረስ»፣ ለኃይሉ «መድከም»፣ ለመቋቋሙ «ጽናት» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። «መበላሸት»ም ጨርሶ መሥራት ላቆመው ዕቃ ይቆይ። የመስኩ ባለሙያዎችና የዕቃው ተጠቃሚዎች ከዚህ የተሻለ ቢያቀርቡ የእኛን ለመተው ዝግጁ ነን፤ የምንለምነው ነገሩን ሳያዩ ቃሉን እንዳይመርጡ ብቻ ነው።