ቆጮውን ከክትፎው በፊት

ወልቂጤ ገብቶ ክትፎ ቤት የተቀመጠ እንግዳ ዓይኑ ጣባው ላይ ነው። ሥጋው ቀይ ነው ወይ? ቅቤው ጠግቦታል? ሚጥሚጣው በዝቷል? ይህን ሁሉ ይመረምራል። በኮባ ተጠቅልሎ ከጎን የቀረበውን ቆጮ ግን ሳያየው ቆርሶ ይጎርሰዋል። እኔ ከዚያ ከተጠቀለለው እጀምራለሁ። ጥሩ ሥጋ፣ የተሳለ ቢላና በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ ያለው ሰው ክትፎውን እንግዳው እጁን ታጥቦ ቡናውን ሳይጨርስ ያደርስለታል። ቆጮው ዓመታት ጓሮ፣ ወራት ጉድጓድ ቆይቶ ነው እዚያ ገበታ ላይ የደረሰው። የአንድን ቤት ሙያ ማወቅ ስፈልግ ቆጮውን ብቻውን፣ ያለ ቅቤና ያለ ጎመን እቀምሳለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጓሮ ነው። ቆጮ የሚሠራበት እንሰት ሙዝ ይመስላል እንጂ ፍሬው አይበላም። የሚበላው ግንድ መስሎ የቆመው የቅጠሉ እግርና ከአፈር በታች ያለው አሚቾ ነው። የጉራጌ ገበሬ ችግኙን አንዴ ተክሎ አይተወውም፤ በየጊዜው እየነቀለ፣ ርቀቱን እያሰፋ እንደገና ይተክለዋል። እንደ ቦታው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት፣ በደጋ ደግሞ ከዚያም በላይ ይጠበቃል። የሚቆረጥበት ጊዜ ራሱ ዕውቀት ይጠይቃል። ለጋው ውሃ ይበዛዋል፤ አብቦ የቆየው ደግሞ ያከማቸውን ለአበባውና ለፍሬው ሰጥቶ ጨርሷል። ሊያብብ ሲል ወይም ገና ማበብ ሲጀምር የተቆረጠው ነው ሞልቶ የሚገኘው። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ዊሊያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ የጠራው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቤቱ፣ ጓሮው፣ የወንዱና የሴቱ የሥራ ድርሻ ሁሉ በዚህ ተክል ዙሪያ የተደራጀ ነው።

ከተቆረጠ በኋላ ሥራው ወደ ሴቶቹ ይሻገራል። ሴቶቹ ጓሮ ውስጥ ተሰብስበው፣ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ የቅጠሉን እግር አጣብቀው በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል። ቃጫው ለብቻ፣ ነጩ ሥጋ ለብቻ ይወጣል። አሚቾው ተፈቅፍቆ ይቀላቀላል። ሲጨመቅ የሚወርደው ውሃ ረግቶ ከሥሩ የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። እዚህ ላይ የመጀመሪያው የጥራት ምሥጢር አለ። ቡላ በገበያ ከቆጮ ይልቅ ዋጋ ያወጣልና አንዳንዱ ያለ ልክ ይጨምቃል። ቡላው ተሟጦ የወጣለት ቆጮ ሲጋገር ይፈረፈራል፤ አፍ ውስጥም እንደ ጭድ ይሆናል።

ቀጥሎ ጉድጓዱ ነው። ዙሪያው በኮባ ይለበጣል፤ የተፋቀው ከእርሾው ጋር ይገባበታል፤ በኮባ ተሸፍኖ ድንጋይ ይጫንበታል። አየር እንዳይገባ ነው ያ ሁሉ ሸክም። አየር በሌለበት እርጎንና የእንጀራ ሊጥን የሚያኮመጥጡት ዓይነት ጥቃቅን ሕዋሳት ሥራቸውን ይጀምራሉ። ባለሙያ ሴት ጉድጓዱን በየጊዜው ትከፍታለች፤ ታገላብጣለች፤ ያረጀውን ኮባ በአዲስ ትለውጣለች። ኩባ ውስጥ የሲጋር ቅጠል የሚያብላሉ ሰዎችም ቅጠሉን ከምረው፣ ሲግል ክምሩን አፍርሰው፣ አገላብጠው እንደገና ይከምሩታል፤ ጥሬው ሽታ ወጥቶ ሌላው ሽታ እስኪመጣ ድረስ ይጠብቃሉ። ሁለቱም ጋ ዳኛው አፍንጫ ነው። ሁለቱም ጋ የሚያበላሸው ችኮላ ነው። ብርድ መብላላቱን ስለሚያዘገየው የደጋ ጉድጓድ ረጅም ጊዜ ይጠይቃል፤ ሙቀት ያፈጥነዋል። ከጉመርና ከእዣ ደጋ የወረደ ቆጮ ኮምጣጣነቱ ረጋ ያለ ሆኖ የማገኘው ለዚህ ይመስለኛል።

ወልቂጤ ገበያ ውስጥ ቆጮ በኮባ ተጠቅልሎ ተደርድሮ ይሸጣል። አንድ ጊዜ ነጭነቱን ብቻ አይቼ ልገዛ ስል፣ አጠገቤ ቆመው ለራሳቸው የሚመርጡ እናት እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ዓይንህ አይበላውም፤ አሽትተው» አሉኝ። ከጥቅሉ መሃል ቆንጥረው በሁለት ጣታቸው መካከል አሹት፤ ጣታቸውን ወደ አፍንጫዬ አቀረቡት። ከዚያ ሌላ ጥቅል ከፍተው እንደዚያው አደረጉ። ልዩነቱን ለማወቅ የማንም ማብራሪያ አላስፈለገኝም። የመጀመሪያው ሽታው ከባድ ነበር፤ ውሃ ውስጥ የከረመ ጨርቅ ዓይነት ነገር ከሥሩ ነበረበት። ሁለተኛው ኮምጣጣ ነው፤ ግን ንጹሕ፣ እርጎ እርጎ የሚል፣ ከበስተኋላው የእርጥብ ቅጠል ሽታ ያለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቆጮ ስገዛ ቆንጥሬ አሽቼ፣ ጥቂት ቆይቼ ጣቴን እንደገና አሸታለሁ። ጥሩው ቆጮ ሲቆይ ሽታው እየለሰለሰ ይሄዳል። የተበላሸው ሲቆይ ይብሳል።

ነጭነት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። በንጽሕና የተፋቀና በደንብ የተሸፈነ ቆጮ ይነጣል፤ አፈር የገባበት ወይም አየር ያገኘው ይጠቁራል። ገና ያልበሰለ ቆጮም ግን ነጭ ነው፤ ጥሬነቱን ምላስ ላይ ሲደርስ ብቻ ታውቀዋለህ። ስለዚህ ቀለምን የማየው ከሽታው በኋላ ነው። ሦስተኛው ቃጫው ነው። ቆጮ ከመጋገሩ በፊት ይጨመቅና ሳንቃ ላይ በቢላ ደጋግሞ ይከተፋል። ክትፎ ስሙን ያገኘው ከመክተፍ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ አጠገቡ ያለው ቆጮም በዚያው ቢላ የተከተፈ መሆኑን ግን ጥቂቱ ሰው ነው የሚያስበው። በደንብ የተከተፈ ቆጮ ቃጫው አይጠፋም፤ ጥርስ ሲነካው ብቻ የሚሰማ ይሆናል። ጥርስ መሃል የሚሰነቀር ቃጫ ካለ ከታፊዋ ሰልችቷት ነበር።

ሲጋገር ኮባው እንደገና ይመጣል። ሊጡ በኮባ ተሸፍኖ ምጣድ ላይ ሲዘረጋ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ጠረኑንም ለቆጮው ይሰጣል። እዚህ ላይ የማልደራደርበት ነገር አለ፦ ያለ ኮባ የተጋገረ ቆጮ ግማሽ ጣዕሙን አጥቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ቤት ያለ ቅጠል የተጋገረ፣ ላዩ ለስላሳ፣ ኮምጣጣነቱ የጠፋ ቆጮ ቀረበልኝ። ስቆርሰው እንደ ዳቦ ተፈረከሰ፤ የስንዴ ዱቄት ተቀላቅሎበት ነበር። ደንበኛው ኮምጣጣውን ስለማይወድ ነው አሉኝ። አዘንኩ። ያን ጣዕም ለማምጣት ወራት የጠበቀች ሴት አለች፤ እሱን አጥፍቶ ስሙን ብቻ ማቅረብ ድካሟን መሻር ነው።

ትኩስ ቆጮ ሲቆረስ ትንሽ ይለጠጣል፤ ከዚያ ይለቃል። ሲታጠፍ አይሰነጠቅም። ፊቱ ላይ ጣል ጣል ያለ ቡናማ የምጣድ ምልክት አለው። አፍ ውስጥ መጀመሪያ ኮምጣጣው ይመጣል፤ ሲታኘክ ያፈገፍግና በእሱ ቦታ ስስ ጣፋጭነት ይገባል። ከዋጥክ በኋላ ምላስህ ንጹሕ መሆን አለበት። ጉሮሮ የሚይዝ መራራ ወይም ምላስ የሚቆነጥጥ ኮምጣጣ ከቀረ ጊዜው አልፎበታል፤ ወይም ጉድጓዱ አየር አግኝቷል።

ቡታጅራ ውስጥ ክትፎ ቤት ስቀመጥም፣ ዘቢዳር ተራራ ከበላይ እየታየ፣ ይህን ሁሉ ከመዘንኩ በኋላ ነው ወደ ጣባው የምሻገረው። ክትፎው ላይ ብዙ አልናገርም፤ ጅማቱ በደንብ የወጣለት፣ በእጅ የተከተፈ፣ ቅቤው ሳይረጋ የቀረበ ከሆነ በቂዬ ነው። የማየው ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆኑ ነው። ቅቤ ምላስን ይሸፍናል፤ የቆጮው ኮምጣጣነት ያንን ሽፋን ይገፍፍና ቀጣዩን ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ያደርገዋል። አይብ መሃል ገብቶ ሚጥሚጣውን ያበርዳል። ቆጮው ደካማ ከሆነ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ቅቤው ይከብድሃል፤ ብዙ ሰው ያን ጊዜ ሥጋውን ይወቅሳል።

ከሁሉ የሚበልጠውን የቀመስኩት ከምግብ ቤት አይደለም። ለመስቀል አገር ቤት ገብቼ፣ ለበዓሉ ተብሎ የቆየ ጉድጓድ በተከፈተበት ቀን ነው። የቤቱ እናት የመጀመሪያውን ከምጣድ አንስተው ኮባውን ገለጡ፤ እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፈነው። ከጠርዙ ቆርሰው፣ ቅቤ ሳያስነኩ፣ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ሁለተኛውን ሳይዘረጉ ቆመው አፌን ያዩ ነበር።