ቮልሷ አበራች፤ ቪዲዮው ያላሳየንስ?

ግቢ ውስጥ የቆመች፣ ቀለሟ የደበዘዘ አሮጌ ቮልስ አስቡ። አንድ ሰው ሮለርና ጥቂት ቆርቆሮ ቀለም ይዞ ይመጣል፤ በ10 ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ መኪናዋ መስታወት ትመስላለች። «ጋራዥ ለምኔ!» ያሰኛል። እንዲህ ዓይነት ቪዲዮዎችን ብዙ አይቻለሁ፤ ደስ ይላሉ። ግን ሁለት ቅሬታ አለኝ።

መጀመሪያ ምስጋናው። በሮለር መቀባት ማጭበርበር አይደለም። መኪና የሚያብረቀርቀው ገጹ ለስላሳ ስለሆነ ነው። ለስላሳ ገጽ ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ይመልሳል፤ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተጎረበጠ ገጽ ግን ይበትነዋል። ቀጠን ተደርጎ ደጋግሞ የተቀባ፣ በየመሃሉ በውሃና በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት የተፈገፈገ ቀለም በእርግጥም ያበራል። በብር ፋንታ ጉልበትና ትዕግስት ትከፍላላችሁ ማለት ነው።

ቅሬታ አንድ፦ ቪዲዮዎቹ የሚያተኩሩት በመጨረሻው ቀለም ላይ ነው። የፋብሪካ ቀለም ሁሉም ንብርብር ተደምሮ ከ0.1 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። ይሄ ስስ ነገር ከስሩ ያለውን ችግር አይሸፍንም። ዝገት ደግሞ ከተፈጠረበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከታች እየገፋ ያሳብጠዋል። ስቱኮና ተራ ፕራይመርም ውሃ ይመጣሉ፤ መኪናን በፕራይመር ብቻ ቀብቶ ዝናብ ላይ ማቆም ዝገትን መጋበዝ ነው። ቪዲዮው ግን መኪናዋ ባበራችበት ቀን ያበቃል። እኔ ማየት የምፈልገው ከሁለት ክረምት በኋላ ነው።

ቅሬታ ሁለት ይብሳል። አንዳንዶቹ በኮምፕሬሰር የሚረጭ፣ ሃርድነር የሚጨመርበት ቀለም ያሳያሉ። በአብዛኛው ሃርድነሩ ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። ጉሙን የተነፈሰ ሰው አስም ሊይዘው ይችላል፤ ሰውነቱ አንዴ ከተቆጣ በኋላ ትንሽ መጠን እንኳ ሊያሳፍነው ይችላል። አፍንጫም በጊዜ አያስጠነቅቅም። የጨርቅ ወይም የሐኪም ማስክ አያድንም፤ ባለሙያዎች በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ንጹህ አየር በቱቦ እየመጣላቸው ነው የሚሠሩት። ልብስ የሚሰጣበትና ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ይሄን መርጨት ቁጠባ አይደለም፤ ሂሳቡን ለጎረቤት ሳንባ ማስተላለፍ ነው።

ታዲያ እንተወው? አይ። ሃርድነር የማይፈልግ ቀለም ምረጡ፤ አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ቦታ በሮለር ቀቡ፤ ቲነርን ከእሳት አርቁ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍጉት፤ በውሃ ይሁን። የተገለጠውን ላሜራ ወዲያው አድርቁና ፀረ-ዝገት ቀቡት። የግድ የሚረጨው ቀለም ካማራችሁ ደግሞ ብዙ ጉልበት የሚፈጀውን ፍግፈጋ ራሳችሁ ሠርታችሁ፣ ርጭቱን ለባለሙያ ስጡ። ያኔ እውነተኛው ቁጠባ ይገኛል።

ቀጣዩን ቪዲዮ ስታዩ ሁለት ነገር ጠይቁልኝ፦ ከቀለሙ ስር ምን ነበር? ቀቢው ምን እየተነፈሰ ነበር?